ከቆዳ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በፊት ቻትቦት ለሚጠይቁ፣ ቻትቦት ለሚያሠሩም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከጥቁር አንበሳ እስከ ሜክሲኮና ስታዲየም ባለው ሰፈር የቆዳ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ከተያዘላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ መጀመሪያ የሚያማክሩት ስልካቸውን ነው። አይፈረድባቸውም። ሐኪሙ ያናገራቸው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ጥያቄው የሚመጣው ደግሞ ማታ ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ቻትቦት (በጽሑፍ ለተጠየቀው የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም) «ስፌቱ መቼ ይወጣል?» ቢባል በአብዛኛው ደህና ይመልሳል፦ ፊት ላይ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ እግርና ጀርባ ላይ ከ10 እስከ 14። ሰው የሚጎዳው በሌሎች ጥቂት ጥያቄዎች ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራን ዋርፋሪን የሚባለው የደም ማቅጠኛ ነው። በአገራችን ይህን መድኃኒት ከሚወስዱት ብዙዎቹ በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቫቸው የተጎዳ ወይም የተቀየረላቸው ናቸው። ቻትቦት ደግሞ ጠያቂው ወደሚፈልገው ማዘንበል ይወዳል። «ደም እንዳይፈሰኝ ከ5 ቀን በፊት ላቁመው አይደል?» ላለው «አዎ፣ የተለመደ ነው» ሊለው ይችላል፤ ለትልልቅ ቀዶ ሕክምና የተጻፈውን ምክር ነው የሚደግመው። ለትንሽ የቆዳ ቀዶ ሕክምና ግን ዋርፋሪን በአብዛኛው አይቋረጥም። ከ1 እስከ 3 ቀን ቀደም ብሎ አይኤንአር (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳይ ምርመራ) ይለካል፤ ከ3.5 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ይሠራል። ከቁስሉ የሚፈስ ደም ተጭነውት ይቆማል፤ ቫልቭ ላይ ረግቶ ወደ አንጎል የሄደ ደም ግን ሰውን ሽባ አድርጎ ያስቀራል። አስፕሪንም ሐኪም ለልብ ያዘዘው ከሆነ ሳያማክሩ አይቆምም። ለራስ ምታት ብለው ከፋርማሲ እየገዙ የሚውጡትን ግን ከ7 እስከ 10 ቀን ቀደም ብሎ መተው ይሻላል፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል አለ።

ቀጥሎ ምግብ። ቦታው ብቻ በመርፌ ደንዝዞ የሚሠራ ከሆነ ቁርስ በልቶ መምጣት ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ከሆነ ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከውኃ 2 ሰዓት መታቀብ ያስፈልጋል። ቻትቦቱ የትኛው እንደሆነ ሳያጣራ «8 ሰዓት ይጹሙ» ሊል ይችላል። ጠዋት የስኳር ኪኒኑን ግሊቤንክላሚድ ውጦ ወይም ኢንሱሊኑን ተወግቶ በባዶ ሆዱ የመጣ የስኳር ሕመምተኛ ወረፋ ላይ ሳለ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ስኳሩ ወርዷል። በዐቢይ ጾም ይብሳል፤ ሳይበላ መዋል የለመደ ሰው እንዲህ ያለውን ምክር ለምን ይጠራጠራል?

ሰዓቱም ራሱ ጣጣ አለው። «ከሌሊቱ 12 ሰዓት በኋላ አይብሉ» የሚል መልስ በፈረንጅ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ማለቱ ነው። በእኛ ግን 12 ሰዓት ሊነጋ ሲል ነው። 11 ተኩል ላይ ቁርሱን የበላ ሰው ትእዛዙን አክብሯል፤ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጠው የበላው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቀጠሮው ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወዲህ ምግብ አይቅመሱ» ተብሎ በአገራችን ሰዓት ይጻፍ።

ስለ ቆዳ ካንሰር ቻትቦቱ ከነጭ ሰው ቆዳ የተማረው ይበዛል፦ ሮዝ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፀሐይ በመታው ፊት ላይ የወጣ እብጠት። ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በብዛት የሚወጣው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው። ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በአሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ ወይም ለዓመታት ባልዳነ ቁስል ላይ ይነሣል። (አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ዋናው ጠንቅ ፀሐይ ነው።) «ጥቁር ቆዳ ላይ ብርቅ ነው» የሚለውን አንብቦ ቀጠሮውን የሚሰርዝ ሰው ቢኖር አይግረመን።

የሞስ ቀዶ ሕክምናም ግራ ያጋባል። ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን የጀመሩት ነው፤ ሥጋው በስስ በስሱ እየተነሣ በዚያው ቀን በማይክሮስኮፕ ይታያል። ስለዚህ ያነበበ ታካሚ ውጤቱን ይዞ ሊወጣ አስቦ ይመጣል። እዚህ የተለመደው ግን ዕጢውን ከዙሪያው ጤነኛ ቆዳ ጋር ቆርጦ በፎርማሊን ወደ ፓቶሎጂ (ሥጋው ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ) መላክ ነው። ጠርዙ ላይ ካንሰር ከተገኘ ድጋሚ ይቆረጣል። አስቀድሞ ካልተነገረው ሁለተኛውን ቀጠሮ የሐኪም ስሕተት ያደርገዋል።

ቻትቦት ይከልከል አንልም። «የቴሌግራም ቦት እናሠራ» የሚሉ የክሊኒክ ባለቤቶች ግን ሥራውን ከጫፉ ጀምረውታል። መጀመሪያ ሐኪሙ የፈረመበት የአማርኛ መመሪያ ይኑር፤ ብዙ ቦታ ይህ ወረቀት የለም። 25 ያህል ጥያቄ ይበቃዋል፦ መድኃኒት፣ ምግብ፣ ሰዓት፣ አጃቢ፣ ክፍያ፣ ጠበል (ቁስሉን ለ48 ሰዓት ውኃ እንዳይነካው)። ደም ከፈሰሰ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ 20 ደቂቃ አጥብቆ መጫን መሆኑም ይጻፍ፤ ደሙ አልቆም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በየ2 ደቂቃው እየገለጡ ስለሚያዩት ነው። ቦቱ ከዚህ ጽሑፍ ውጭ እንዳይመልስ ይታሰር። የደም ማቅጠኛ፣ እርግዝና፣ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ወይም የመድኃኒት አለርጂ ከተነሣ መልስ መስጠቱን ትቶ ወደ ነርሷ ስልክ ይምራ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንዱ ጥያቄ በ5 ዓይነት አጻጻፍ ይሞከር፦ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ ፊደል የተሳሳተበት፣ ዋርፋሪንን «የልብ ኪኒኔ» የሚል። ሰው የሚጽፈው እንደዚያ ነው። ፎቶና የካርድ ቁጥርም አይቀበል፤ የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት አንዱ ነው።

ቦቱ ሳይመልሳቸው ያለፋቸውን ጥያቄዎች ነርሷ በየሳምንቱ ታንብብ፤ መመሪያው የሚታደሰው በእነሱ ነው። ለዚህ ሥራ የሚመድበው ሰው የሌለው ክሊኒክ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ለታካሚው ቢያስይዘው ይበቃዋል።

በመሐል አዲስ አበባ በቆዳ ቀዶ ሕክምና የምንሠራ ባለሙያዎች