የግርዛቱ ወረቀት የዘለለው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የወንዶች ግርዛትን ለኤችአይቪ መከላከያነት ከመከረ ወዲህ፣ ከአገራችን ትኩረት ያገኘው ጋምቤላ ነው፤ ኑዌርና አኙዋ ዘንድ ወንድ ልጅ መግረዝ ነባር ልማድ አይደለምና። ለቅስቀሳ የሚታደል ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ «60 በመቶ ይቀንሳል» ብሎ ያቆማል። ከማን ወደ ማን የሚተላለፈውን ኤችአይቪ? ከሴት ወደ ወንድ ብቻ። ቀሪው የኮንዶም ሥራ ነው።

ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው። ማደንዘዣው በመርፌ ብልቱ ሥር ይወጋል፤ ቀዶ ጥገናው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በ2ኛው ቀን ፋሻው ይነሳል፣ በ7ኛው ቁስሉ ይታያል። ፋሻው በደም ከራሰ፣ መግል ከያዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። አመድና ቅጠል መነስነስ መንጋጋ ቆልፍ ይጋብዛል።

ስህተቱ የሚበዛው 3ኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ላዩ የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልጠገገም። 6 ሳምንት ሙሉ ከግንኙነት መታቀብ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ይህን ሚስትም ልትሰማው ይገባል፤ ወረቀቱ ላይ እሷ የለችም!

አማርኛውን ብቻ አባዝቶ መላክም ትርፉ ትንሽ ነው። ኑዌርኛና አኙዋክኛ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ድምፅ ቀድቶ በስልክ ማዳረስ ይቀላል።

ሁለት ነርሶች
ጋምቤላ