ለሎስ አንጀለስ ከተማ እሳት አደጋ መምሪያ፦ ከምንጣሮው በኋላ የሚበቅለውን ተመልከቱልን

ክቡራን የመምሪያው ኃላፊዎች፣

ከቤት በ200 ጫማ ክልል ያለው ቁጥቋጦ ይመንጠር የሚለውን ደንባችሁን አልቃወምም። በጃንዋሪ 2025 ፓሊሴድስ በሚባለው የከተማችን ሰፈር ሰደድ እሳት ያደረሰውን ያየ ሰው እንዴት ይቃወማል? አቤቱታዬ ስለ አመነጣጠሩ ነው።

ከቤታችን በላይ ያለውን ተዳፋት አንድ ተቋራጭ ከነሥሩ ገፎ ባዶ አፈር አስቀረው። የክረምቱ ዝናብ እንደ ወረደ ሰናፍጭ ወረሰው። በጾም ማዕዳችን የምንወደው ሰናፍጭ ለእነዚህ ተራሮች ባዕድ ነው። በጸደይ ቢጫ አበባው ዓይን ይማርካል፤ በጋ ሲገባ ግን እስከ ወገብ የቆመ ደረቅ አገዳ ሆኖ ብልጭታ ይጠብቃል። ዘሩንም ቀድሞ አራግፏል።

የተነቀለው የካሊፎርኒያ ጭቁኝ ነበር፤ የእኛ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነውና ቅጠሉን አሽቶ ያሸተተ ኢትዮጵያዊ አያጣውም። በበጋ ቅጠሉን ስለሚያራግፍ የሞተ ይመስላል። ተቋራጩም እንደ ሞተ ቆጥሮት ይሆናል፤ ሥሩ ግን ተዳፋቱን ይዞ ነበር።

የእነዚህ ተራሮች የአገሬው ዕፅዋት እሳትን ያውቃል። ላውረል ሱማክ የሚባለው ቁጥቋጦ ከተቃጠለ ከሳምንታት በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ሴአኖተስ ከሚባለው ሌላ ቁጥቋጦ ደግሞ አንዳንድ ዝርያዎች ራሳቸው ቢሞቱም፣ አፈር ውስጥ የተኛውን ዘራቸውን የእሳቱ ሙቀት ይቀሰቅሰዋል። ችግኙ መልሶ ዘር እስኪያፈራ ግን ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ በፊት እሳት ወይም ማጨጃ ከደረሰበት ዘር አይተካም፣ ቦታውን ባዕድ ሣርና ሰናፍጭ ይይዙታል። እነዚህ ደግሞ ቶሎ ይደርቃሉ፣ ቶሎም ይቀጣጠላሉ፤ እሳቱ ቀኑን አሳጥሮ ይመለሳል። እሳትን ፈርተን ያደረግነው ነገር እሳት ይጠራል ማለት ነው።

የሚገርመው፣ መፍትሔው ደንባችሁ ውስጥ አለ። የአገሬው ቁጥቋጦ በ18 ጫማ ተራርቆ፣ የታችኛው ሲሶው ተከርክሞና ደረቁ ተለቅሞ ከሆነ መቆም ይችላል። የእኛ ተቋራጭ ይህን የሰማ አይመስልም። ለባለቤቶች በምትልኩት ማስታወቂያ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይህ በጉልህ ይጻፍ። መከርከም እንጂ አፈር መግፈፍ እንደማይጠየቅ ይነገረን። ሰናፍጩ ፍሬ ሳይዝ፣ ገና በአበባው ይታጨድ። በፓሊሴድስ ከቤቶች ክልል ውጭ ያለው የተቃጠለ ተዳፋትም ማቆጥቆጥ ጀምሯልና ማሽን አይግባበት።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሳንታ ሞኒካ ተራሮች ግርጌ ነዋሪ