የአቪዬሽን ክበብ፦ ከሰማንያ ሜትር ማለፍ የማይችለው ክንፍ

የክበባችን አባላት ዘንድሮ ባለ ሁለት ፎቁን ኤርባስ ኤ380ን ለማጥናት ሲወስኑ ምርጫው ሙሉ በሙሉ የእነርሱ ነበር። ጥናቱ ቁጥር መሸምደድ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እኔ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ ይህን ያህል ግዙፍ አውሮፕላን መሥራት ከተቻለ፣ ከዚህ የሚበልጥ የመንገደኞች አውሮፕላን ለምን አልተሠራም?

ሥራው በካርቶን ተጀመረ። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ትንሽ ተንሸራታች አውሮፕላን ሠሩ፤ ከዚያም ርዝመቱን፣ ወርዱንና የካርቶኑን ውፍረት እጥፍ አድርገው ሁለተኛውን ሠሩ። የክንፉ ስፋት አራት እጥፍ ሲያድግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ሆነ። ትንሹ ከእጅ ሲለቀቅ ይንሳፈፋል፤ ትልቁ ግን በኃይል ካልተወረወረ ወዲያው በአፍንጫው ይደፋል። የግዙፍ አውሮፕላን ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። ክብደት ከክንፍ ቀድሞ ያድጋል።

ቀጥሎ ኤ380ን በኳስ ሜዳችን ላይ በኖራ አሰመርነው። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 79.75 ሜትር ስለሆነ በሜዳው ወርድ አልገባ ብሎ በርዝመቱ አዞርነው። ያን ጊዜ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «25 ሴንቲ ሜትር ጨምረው 80 ለምን አልሞሉትም?» ስትል ጠየቀች። የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው እላለሁ። አውሮፕላን ማረፊያዎች ለግዙፎቹ ያዘጋጁት ማቆሚያ ወሰኑ 80 ሜትር ነው። ሲነሣ እስከ 575 ቶን ለሚመዝን አውሮፕላን የሚስማማው ረጅምና ቀጠን ያለ ክንፍ ነበር፤ ነዳጅም ይቆጥባል። መሐንዲሶቹ ግን በወሰኑ ውስጥ ለመቆየት አጠር አድርገው እጅግ ሰፊ ክንፍ ሠሩ፤ ስፋቱ 845 ካሬ ሜትር ነው። ቦይንግ ለ777ኤክስ ሌላ መላ ዘይዷል፦ በበረራ ላይ 71.8 ሜትር የሆነው ክንፍ መሬት ላይ ጫፎቹ ታጥፈው 64.8 ሜትር ይሆናል።

ሁለተኛው ወሰን የሰው ሕይወት ነው። ከ44 በላይ መቀመጫ ያለው ማንኛውም የመንገደኞች አውሮፕላን ከበሮቹ ግማሾቹ ተዘግተው በ90 ሰከንድ ውስጥ ባዶ መሆን መቻል አለበት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 ሃምቡርግ ላይ ኤ380 ሲፈተን 853 መንገደኞችና 20 ሠራተኞች በጨለማ፣ ከ16 በሮች በ8ቱ ብቻ፣ በ78 ሰከንድ ወጡ። እኛም የስብሰባ አዳራሹን ግማሽ በሮች ዘግተን ሞከርነው። ገና ሰዉ ሳያልቅ 90ው ሰከንድ ሞላ። የአዳራሹ ወንበሮች አደራደር እንዲለወጥ ክበቡ ለአስተዳደሩ ያቀረበው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ሙከራ ነው፤ ተቀባይነት እንዲያገኝ ከልቤ እመኛለሁ።

ከ853 ሰው በላይ በአንድ አውሮፕላን ተጉዞ ያውቃል ወይ የሚል ጥያቄም ተነሥቶ ነበር። ያውቃል፤ ያውም ከቦሌ ተነሥቶ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል በተወሰዱበት የሰሎሞን ዘመቻ አንድ ቦይንግ 747 መቀመጫዎቹ ተነቅለው ከ1,000 በላይ ሰዎችን በአንድ ጉዞ አሳፍሯል። ልጆቹ ወዲያው ስሌት ውስጥ ገቡ፦ መንገደኞቹ ሻንጣ አልያዙም፣ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፣ መንገዱም አጭር በመሆኑ ነዳጁ ቀላል ነው። በቦሌ ይህ ስሌት ክብደት አለው። ማረፊያው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያንሳቸዋል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳያርፍ የሚመጣው አውሮፕላን ሲሄድ ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ የሚያርፈውም በዋናነት ለዚህ ነው።

የዓመቱ መዝጊያ ክርክር የኤ380 ምርት ለምን ቆመ የሚል ነበር። 251 አውሮፕላኖች ለአየር መንገዶች ተሰጥተው የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ኤምሬትስ እጅ ገባ። አንደኛው ወገን ጥፋቱን በአራቱ ሞተሮች ላይ ጣለ፤ እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ያሉት በሁለት ሞተር ሩቅ አገር ይደርሳሉና። ሌላው ወገን ሰው በትልልቅ ከተሞች እየተቀያየረ ከመጓዝ በቀጥታ መብረርን መምረጡን አነሣ። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ፤ ዱባይን የመሰለ መገናኛ ያለው ኤምሬትስ ዛሬም በኤ380 መሥራቱ ይህን ያሳያል። ድምፅ ሲሰጥ ግን የመጀመሪያው ወገን አሸነፈ።

በመጪው ዓመት ክበቡ የሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢጠፋ እንዴት እንደሚበር ያጠናል። ምዝገባው በመስከረም በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ይካሄዳል፤ የዘጠነኛ ክፍል አዲስ ገቢዎች ቅድሚያ ያገኛሉ።