የሽርሽር ክበብ አይደለንም፦ የኢኮቱሪዝም ክበብ የ2015 ዓ.ም. ዘገባ

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ክበባችን ሌላ ስም አለው። «የሽርሽር ክበብ» ይሉናል። ስሙን ያወጣልንን ባልደረባዬን አውቀዋለሁ። ቡና አብረን ስለምንጠጣ ማንነቱን አልናገርም። ግን ሁላችሁም እንድታውቁት ያህል፣ በዓመቱ ውስጥ የወጣነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ! የእግር ኳስ ቡድናችን ስንቴ እንደወጣ ቁጠሩና ከዚያ እንነጋገር።

መደበኛውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። አባላት 41 ነን፤ ሃያ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። የምንሰበሰበው ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ነው። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ መርጠናል። መተዳደሪያ ደንብ አጽድቀናል። በሚኒ ሚዲያ በየሁለት ሳምንቱ አሥር አሥር ደቂቃ ዝግጅት አቅርበናል፤ የካቲት ላይ ማይኩ ተቃጠለና እሱም ቆመ። ቃለ ጉባኤዎቹ በሙሉ እኔ ጋ አሉ። ማየት የፈለገ ይምጣና ይይ።

መስከረም ላይ ልጆቹን «ኢኮቱሪዝም ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው አንዱ ፈጠን ብሎ «ፈረንጅ ጫካ አይቶ ዶላር ጥሎ ሲሄድ» አለኝ። አልሳቅሁበትም። ግማሹን መልሶታል። የቀረውን ግማሽ፣ ተፈጥሮው ሳይጎዳ የአካባቢው ሰው ይጠቀም የሚለውን፣ ለማስረዳት ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ።

የጀመርነው ከዘጌ ነው። ጣና ዳር ያለውን የዘጌን ደን ብዙዎቻችሁ በጀልባ ሄዳችሁ አይታችሁታል፤ ያላያችሁም በወሬ ታውቁታላችሁ። እዚያ መሬት በበሬ አይታረስም፤ የቆየ ሥርዓት ነው። ሰው የሚኖረው ከዛፍ ሥር ባለው ቡናና በጌሾው ነው። ዛፉ ከተቆረጠ ቡናው ጥላ ያጣል፤ ቡናው ከሄደ ደግሞ ጓዳው ባዶ ይቀራል። ደኑን ያቆየው ዘበኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ገዳማቱን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ የደረሰው በኋላ፣ ሌላው ሰው ጠብቆ ካቆየው ደን ላይ ነው።

ቀጥሎ መንዝ ጓሳን አነሳን። የመንዝ ሰው የጓሳ ሣሩን «ቄሮ» በሚባል የቆየ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለረጅም ዘመን ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይከለከላል። ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ለቤት ክዳኑ ያጭዳል። ዛሬ እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ፤ እንግዶችም እሱን ለማየት ይሄዳሉ። ይህን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «የእኛ ጮቄስ ቀይ ቀበሮ አለው?» ብሎ ከከተማችን ከደብረ ማርቆስ በላይ ስላለው ተራራ ጠየቀ። የለውም። ነበረው፤ ጠፋ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም ያሉት ደግሞ እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው፤ ባሌ፣ አርሲ፣ ስሜን፣ ወሎና መንዝ። ጎጃም ከዝርዝሩ ወጥቷል። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጂኦግራፊ ባስተማርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ጸጥታ ያገኘሁበትን ቀን አላስታውስም።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የምሥራች መጣ። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርን በፈረንጆቹ 2022 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሲነገር ልጆቹ ጨፈሩ። ያን ዕለት ነው ጮቄን ሳናይ ዓመቱ አያልቅም ያልነው።

ገንዘቡን እንዴት አገኘነው? በወላጆች ቀን ቆሎና ፈንዲሻ ሸጥን። እያንዳንዱ አባል 100 ብር አዋጣ፤ ያልቻሉትን የቻሉት ሸፈኑላቸው። ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ 1,500 ብር ተፈቀደልን፤ እናመሰግናለን። ቅጥቅጡ ብቻ 5,500 ፈጀ። ቂም አይደለም፣ ሒሳብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከጉዞው በፊት ባለው ሐሙስ ኮሚቴው የስንቅ ዝርዝር አቀረበ፤ ዳቦ፣ የታሸገ ውኃ፣ ብስኩት። ሁሉም ተስማማ። ያኔ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። ይህች ልጅ ከመስከረም ጀምሮ አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም። ወላጆቿ ያሉት ከረቡዕ ገበያ በላይ ነው። እዚህ ማርቆስ ከወንድሟ ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየሄደች ስንቅ ታመጣለች።

«ቲቸር፣ ዳቦውም ከማርቆስ፣ ውኃውም ከማርቆስ፣ ብስኩቱም ከማርቆስ። እና እኛ አገር ምን ጥለን ልንመለስ ነው? ፌስታል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያስተማርኩትን ነገር ስንቅ ላይ ስደርስ ረሳሁት። ዝርዝሩን ቀደድነው። ምሳ እናቷ ቤት ሆነ፤ የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ። በሰው ሒሳብ ይከፈላል ተባለ።

ጥር 20፣ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ሃያ ስምንት ተማሪ፣ ሁለት መምህር፣ አንድ ቅጥቅጥ። ግማሹ ጋቢ ለብሷል። «ጮቄ ብርድ ነው» ብዬ ሦስት ጊዜ ባስጠነቅቅም ነጠላ ጫማ አድርገው የመጡ ነበሩ። ከከተማው ስንወጣ ልጆቹ ዘፈኑ፤ ዳገቱ ሲጀምር ዘፈኑ ቆመ። ሁለቱ አስመለሳቸው። ከፍ እያልን ስንሄድ ባሕር ዛፉ፣ ከዚያም የገብስና የድንች ማሳው አብሮን ወጣ። እርሻው የሚያቆምበትን ቦታ ለማየት ልጆቹ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ነበር። ካሰቡት በላይ ዘገየባቸው። ሲያቆም ደግሞ በአንዴ ነው፤ አምጃና አስታው፣ ጓሳው፣ ከዚያም ጅብራው።

ጅብራን ቀርቦ ያላየ ሰው ካለ ልንገረው። ከሩቅ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። ዓመታትን ቅጠል ብቻ ሆኖ ያሳልፍና ከመሀሉ ከሰው ቁመት በላይ የሚወጣ ዘንግ ያወጣል፤ ያብባል። ከዚያ ይሞታል። አንድ ልጃችን ፎቶ ሊነሳ ብሎ የአንዱን ቅጠል ጨምድዶ ያዘ። ያቺው ተማሪ ቀስ ብላ እጁን አስለቀቀችው። «ይሄ ገና ነው» አለችው። ሌላ አልጨመረችም። ልጁ በቀረው መንገድ ሁሉ ከጅብራ አንድ እርምጃ ርቆ ነበር የሚሄደው።

ሜዳው ላይ ደበሎ የለበሱ እረኞችና አንድ ሽማግሌ አገኘን። «ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?» አሉን። ተራራውን ልናይ ነው የመጣነው አልናቸው። ገረማቸው። ቀይ ቀበሮ ያውቁ እንደሆነ የኛው ጸሐፊ ጠየቃቸው። «አውቃለሁ እንጂ! እረኛ ሳለሁ ከከብቱ መሀል ገብታ አይጥ ስታድን አያት ነበር። ከብቱ አይደነግጥም፣ እሷም አትደነግጥ» አሉ። በዱላቸው ወደ አንድ ጎድጓዳ ጠቆሙ። «እዚያ ጋ ነበር መውጫዋ።» አሁን ጎድጓዳው ታርሷል፤ ድንች ነው። ጸሐፊው ደብተሩን ከፍቶ የቦታውን ሥዕል ሣለ። ማንም አላዘዘውም።

እኔ በአንድ የሩቅ ማያ መነጽር ቦታውን ለማየት ሞከርኩ። መነጽሩ የተዋስነው ነው፤ አንዱ ዓይኑ ጭጋግ ይዞታል። ልጆቹ «አንድ ዓይና» ብለው ስም አውጥተውለታል። ሃያ ስምንት ተማሪ ለአንድ ዓይና ተሰልፎ ጆፌ አሞራ አይቷል። ይህን የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። የልጅቷ እናት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ደጅ ላይ አጎዛ አንጥፈው ጠበቁን። በላን። እርጎም መጣ፤ እርጎው በዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ጠላ አልነበረም፤ ማለቴ ለተማሪዎቹ አልነበረም። ሲያልቅ ሒሳብ ያዧ ብሩን ቆጥራ በሁለት እጇ አቀረበች። እናትየው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«የልጄን ጓደኞች አብልቼ ገንዘብ? ጎረቤት ምን ይለኛል? ቤት የመጣ እንግዳ ይከፍላል እንዴ?»

ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ሒሳብ ያዧ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ያኔ ልጃቸው ተነሳች።

«እማዬ፣ እነሱ እንግዳ አይደሉም። ቱሪስት ናቸው።»

«ቱሪስትስ እንግዳ አይደለም?»

እዚህ ላይ መልስ ያለው መምህር ካለ ይንገረኝ። ባነበብኩት የሥልጠና መምሪያ ውስጥ ይህ ጥያቄ የለም። «የአካባቢው ማኅበረሰብ ተጠቃሚ ይሁን» ይላል፤ ማኅበረሰቡ እንግዳ ማስከፈል ነውር ነው ካለስ? ልጅቷ እናቷ አጠገብ ቁጭ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ማስረዳት ጀመረች። ከብቱን ስለ መቀነስ፣ ሜዳውን ስለ መከለል፣ ሰው ከዚህ ካልበላ ለምን ብሎ ግጦሹን እንደሚተው። እኔ ሐሙስ ሐሙስ ያልኩትን ነው የምትለው። ግን በእሷ አፍ ሌላ ነገር ሆነ። እኔ ሳስተምር «የግጦሽ ጫና» ነበር የምለው፤ እሷ «የእኛ ቡሬና የእነ አያ በሬ» አለች።

እናትየው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ፈረዱ። የድንቹንና የእንጀራውን ተቀበሉ፤ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይካፈሉታል። የእርጎውን ግን አይነኩም። «እርጎው የቤት ነው» አሉ።

በመልሱ መንገድ ቅጥቅጡ ውስጥ ትልቅ ክርክር ተነሳ። ሒሳብ ያዧ እርጎውን በየትኛው ዓምድ ትጻፈው? «ወጪ አይደለም» አለ አንዱ። «ገቢም አይደለም» አለች ሌላዋ። ደብተሩ አሁን ፊት ለፊቴ ነው። እንዲህ ይላል፦ «እንጀራና ድንች፣ 900 ብር። እርጎ፣ አልተሸጠም።»

የታሸገ ውኃ ስላልወሰድን ይዘነው የተመለስነው ቆሻሻ የሌሎች ነበር። መንገድ ዳር ከለቀምነው ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ፌስታልና ፕላስቲክ ወጣ። ሾፌሩ መጀመሪያ «መኪናዬን አታቆሽሹ» ብሎ ተቆጥቶ ነበር፤ ኋላ ራሱ ወርዶ ለቀመ።

ያልተሳካልንንም ልናገር። ክረምት ላይ የተከልናቸው የኮሶና የወይራ ችግኞች ከግማሽ በላይ የሉም። አጥሩ በምሥራቅ በኩል ክፍት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ፍየሎቹም ያውቃሉ። ቧንቧው ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ደረቅ ነበር። ልጆቹ በጀሪካን ከቤታቸው ውኃ አምጥተዋል፤ ያልበቃው እነሱ ሰንፈው አይደለም። ሚያዝያ ላይ ወደ ዘንገና ሐይቅ ለመሄድ አስበን ነበር። መንገዱም ገንዘቡም አልተመቸንም፤ ቀረ። ለአንድ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የጻፍነው ደብዳቤም መልስ አላገኘም። ቅጂው በፋይል አለ።

ከጉዞው በኋላ ግን ልጆቹ ዝም አላሉም። አምስት ተማሪዎች ከማርቆስ እስከ ጮቄ ያለውን መንገድ በእጃቸው ካርታ ሠርተዋል። እግረኛ የት ቢሄድ ጓሳውን እንደማይረግጥ፣ የት ውኃ እንዳለ፣ የማን ቤት ምሳ እንደሚገኝ ምልክት አድርገውበታል። የሽማግሌው ጎድጓዳም በቀይ እስኪርብቶ ተከቧል። ካርታው ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ተለጥፏል፤ እስካሁን አልተቀደደም፤ ለትምህርት ቤታችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጨሞጋ ድልድይ ላይ ቆመው ውኃው ከየት እንደሚመጣ ለ9ኛ ክፍል ልጆች ሲያስረዱም ሰምቻቸዋለሁ። ክረምት ላይ ጨሞጋ ቡና መስሎ ሲወርድ፣ የጮቄ አፈር ወደ ዓባይ እየሄደ መሆኑን አሁን የሚነግራቸው አስተማሪ አያስፈልጋቸውም።

ያቺ ተማሪ ለመጪው ዓመት ምክትል ሊቀመንበር ሆና ተመርጣለች። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። እናቷ መጽሔቱን የሚያነብላቸው ሰው እንዳያገኙ ፈርታ ይመስለኛል፤ የእርጎው ነገር ጎረቤት እንዳይሰማ።

ለ2016 የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሁለት ዓይን ያለው መነጽር፣ ቢያንስ ሁለት። ለምሥራቁ አጥር ሽቦ። ከስኩል ግራንቱ ወይም ከውስጥ ገቢው ለአንድ ጉዞ የሚበቃ ገንዘብ፤ የዘንገናው ጉዞ ዕዳ አለብን። የወላጅ መምህራን ኅብረት አባላት ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ቆሎ መሸጥ አይከብደንም፤ ግን ቆሎ ብቻውን ቅጥቅጥ አያስነሳም። ውጭ አገርና አዲስ አበባ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ደግሞ፣ መነጽር ሻንጣ ውስጥ ብዙ ቦታ አይዝም።

ሾፌሩ ከመስቀል በኋላ ላለው ቅዳሜ ቀን ይዞልናል፤ በአምናው ዋጋ እወስዳችኋለሁ ብሏል። ቀብድ 1,000 ብር ነው የጠየቀው። እስካሁን አልከፈልንም። ስልኩ እኔ ጋ አለ።