ጅቡን ማን ጅብ አደረገው?

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድ ያው ብርድ ነው። ስለ ጭራቅ አጭር ፊልም ልትጽፊ መሆኑን አባትሽ ነገረኝ። የአንኮበሩን ቀጥቃጭ አስበሻል አሉ፤ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል የሚባለውን።

እስቲ በመጀመሪያ የጃፓኖችን የአውሬ ፊልም፣ ጎድዚላን እዪ። እ.ኤ.አ. በማርች 1954 አሜሪካ ቢኪኒ በሚባል የፓስፊክ ደሴት ላይ የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። መርዛማው አመድ 23 የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ላይ ዘነበ። ፊልሙ በዚያው ዓመት ወጣ፤ አውሬውን ከባሕር የሚቀሰቅሰውም የቦምብ ሙከራ ነው። ኮሪያዎችም እንዲሁ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሶል ካለ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ፎርማልዴይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ወደ ሃን ወንዝ በሚወርድ ፍሳሽ ተደፋ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ፊልማቸው ከዚያው ወንዝ አውሬ ይወጣል፤ መንግሥት ደግሞ የሌለ ቫይረስ አለ እያለ ሕዝቡን ያምሳል። ተከሳሹ ጉልበተኛው ነው።

የእኛ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ቀጥቃጩ ወናፉን ሲነፋ ይውላል። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያው የእሱ እጅ ሥራ ነው። ብዙዎቹ ግን ርስት አልነበራቸውም፤ ልጁን የሚድርላቸውም አልነበረም። ሕፃን ሲታመም ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ፤ "ቡዳ በላው" ተብሎ ጣት ወደ እነሱ ጎጆ ይቀሰር ነበር። ለምን ሐኪም ቤት የለንም ብሎ ግብር የሚሰበስበውን የሚጠይቅ አልነበረም። ድሃውን ጅብ ማለት ይቀላላ! አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ቢሆንም እኔ ልጅ ሳለሁ እንኳ መንዝ ውስጥ ከቀጥቃጭ ቤት ውኃ አይጠጣም ነበር።

ስለዚህ ጅቡን አትተዪው፤ ወሬውን ያስነሳውን ሰው ግን አምጪልን። ማረሻ በዱቤ ወስዶ ዕዳውን ላለመክፈል "ይሄማ ቡዳ ነው" የሚል ባላገር ቢሆንስ? ወይም ጭቃ ሹሙ? የሰፈሩ ሰው ውሸት መሆኑን እያወቀ ዝም ሲል አሳዪ። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ጨርሰሽ ላኪልኝ። አባትሽ "ጅቡ በደንብ ይታይ" ብሏል። እሱ እንደሆነ ጅብ የሌለበት ፊልም ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል።

እናትሽ