አልጌው ጨመረ ከማለትሽ በፊት

ሐዋሳ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በአረብ ባሕር አልጌ ጨምሮ እንደሆነ በሳተላይት መረጃ እንዴት እንደምታጠኚ ለጠየቅሽኝ መልሴ ይኸው። ወር ስታወዳድሪ ጁላይን ከጁላይ ጋር ብቻ አወዳድሪ። እኛ ዘንድ ክረምት ሲገባ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ በሶማሊያና በኦማን ዳርቻ ያለውን የላይኛውን ውሃ ወደ መሀል ይገፋዋል፤ በምትኩ ናይትሬትና ፎስፌት የተባሉ የአልጌ ምግቦችን የያዘ ቀዝቃዛ ውሃ ከታች ይወጣና ፋይቶፕላንክተኑ፣ ማለትም ተንሳፋፊው ደቃቅ አልጌ፣ ይባዛል። ክፋቱ፣ ሰማዩም በደመናና በአቧራ የሚሸፈነው ያኔውኑ ነው። ሳተላይቱ የአልጌውን መጠን የሚገምተው የውሃውን ቀለም አይቶ ነው፤ በደመና ውስጥ ግን አያይም። እናም በየወሩ ስንት ቀን እንደታየ ቁጠሪ፤ 3 ቀን ብቻ የታየበትን ጁላይ 15 ቀን ከታየበት እኩል አትመዝኚው።

የተለያዩ የሳተላይት መሣሪያዎችን መረጃም ዝም ብለሽ አትቀጥይ። የመጀመሪያው የባሕር ቀለም መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1986 ቆመ፤ ሲዊፍስ የተባለው መለኪያ የጀመረው በ1997 ነው። የመለኪያዎቹ ልዩነት የባሕሩ ለውጥ መስሎ ይታይሻል። ሲዊፍስንና አኳ በተባለው ሳተላይት ላይ በ2002 ሥራ የጀመረውን ሞዲስ የተባለ መለኪያ ግን አብረው በለኩባቸው ዓመታት አስተያይተሽ ማስተካከል ትችያለሽ። የ10 ዓመት መረጃ ይዘሽ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» እንዳትይ አደራ፤ ያንን ከተፈጥሮ መዋዠቅ ለመለየት በአብዛኛው ባሕር 40 ዓመት ገደማ ያስፈልጋል።

ለእረፍት ስትመጪ ከሐይቃችን ለምትወስጂው ናሙና ደግሞ፣ ከአሞራ ገደል ዳር እንዳትቀጂ። ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ በሴሎቹ ውስጥ ጋዝ ስላለው ጸጥ ባለ ጠዋት ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ነፋስ ሲነሳ ዳር ላይ ይከመራል። ያ አረንጓዴ ክምር በመላው ሐይቁ ያለውን የአልጌ መጠን አይነግርሽም። በጀልባ መሀል ገብተሽ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ቅጂ። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ጥቁርና ነጭ ሴኪ ዲስክ፣ ማለትም የውሃውን ጥራት መለኪያ ሳህን፣ ከጀልባዋ ጥላ በኩል አውርጂ፤ ከዓይንሽ የተሰወረበትንና ስትስቢው ተመልሶ የታየበትን ጥልቀት ጽፈሽ አማካዩን ውሰጂ።

ሁለት ጠርሙስ ያዢ። ለማይክሮስኮፕ የሚሆነው ላይ ውሃው ቀጭን ሻይ እስኪመስል ሉጎል አዮዲን የተባለውን ናሙና ማቆያ ፈሳሽ ጨምሪበት። ክሎሮፊል፣ ማለትም የአልጌውን አረንጓዴ ቀለም፣ የምትለኪበትን ጠርሙስ ግን አዮዲን አይንካው፤ ክሎሮፊሉን ያበላሸዋል። ከብርሃን ሸሽገሽ፣ በበረዶ አቀዝቅዘሽ፣ በዚያው ቀን አጣሪው። ስንት ሚሊ ሊትር እንዳጣራሽ እዚያው መመዝገቢያ ወረቀቱ ላይ ጻፊ፤ ያ ቁጥር ከጠፋ መጠኑን ማስላት አይቻልም። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ብቻ አትመዝግቢ፤ ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ነው፤ ከሳተላይቱ ወር ጋር አንድ ሳምንት ይዛነፍብሻል።

ወረቀቶቹን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ አያቸዋለሁ።

አባትሽ