ኮምፒውተሩን መኪና ላይ ከመጫናችሁ በፊት ፋይሉን ላኩልን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ የፒሲአይ ካርድ (ኮምፒውተሩ ውስጥ ስሎት ላይ የሚሰካ ካርድ) ብልሽትን ከርቀት ስለመመርመር

ከገላን፣ ከዱከም ወይም ከሱሉልታ የተጫነ ዴስክቶፕ ቱሉ ዲምቱ እስኪደርስ ብዙ ይንገጫገጫል። በደንብ ያልተቀመጠ ካርድ በዚህ መሀል ወይ ገብቶ ይስተካከላል፣ ወይ ጭራሽ ይነቀላል። እኛ ጋ ሲከፈት የሚታየው ብልሽት እናንተ ጋ የነበረው ሳይሆን መንገዱ የፈጠረው ይሆናል። ስለዚህ የኔትወርክ፣ የግራፊክስ፣ የሲሪያል ወይም የማሽን መቆጣጠሪያ ካርድ አልታይ ሲላችሁ ኮምፒውተሩን ከቦታው ሳታነሱ ሁለት የጽሑፍ ፋይሎች በቴሌግራም ላኩልን። ፋይል ለማንበብ አናስከፍልም።

የምንሠራው ሊብፒሲአይ በሚባል ነጻ የሶፍትዌር ላይብረሪ ነው፤ ማርቲን ማሬሽ በጀመረው ፒሲአይዩቲልስ ጥቅል ውስጥ ይገኛል። በፒሲአይ ላይ የተሰኩ መሣሪያዎችን የማንበቢያው መንገድ ከአንዱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወደ ሌላው ይለያያል። ሊኑክስ ሲስኤፍኤስ በሚባለው የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ማውጫ በኩል ይሰጣል፤ ፍሪቢኤስዲ የራሱ መንገድ አለው፤ ምንም ድጋፍ በሌለበት የኢንቴል ዓይነት ማሽን ደግሞ በቀጥታ በፖርት ሲኤፍ8 እና ሲኤፍሲ ይነበባል። ላይብረሪው ይህን ልዩነት በራሱ ስለሚሸፍነው ላይብረሪውን የሚጠቀመው ፕሮግራም በየትኛው መንገድ እንደተነበበ ማወቅ አያስፈልገውም። ለእኛ ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ ቀድሞ የተጻፈ የጽሑፍ ፋይልንም እንደ አንድ ማንበቢያ መንገድ ይቀበላል። የላካችሁትን ፋይል ስንሰጠው የእናንተ ካርዶች እዚህ ማሽን ላይ የተሰኩ ይመስል ይዘረዝርልናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ ካላችሁ ተርሚናል ክፈቱ። ዊንዶውስ ብቻ ከሆነ በ8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ አዘጋጅታችሁ ኮምፒውተሩን በእሱ አስነሱ፤ ሳትጭኑት «መሞከር» የሚለውን ምረጡ። ሱዶ (sudo፣ እንደ አስተዳዳሪ የሚያሠራው ትዕዛዝ)፣ ከዚያ ኤልኤስፒሲአይ (lspci፣ ካርዶቹን የሚዘረዝረው)፣ ከዚያ አንድ ሰረዝና ከእሱ ጋር ተያይዞ ኤክስ አራት ጊዜ (-xxxx) ጻፉ፤ ሁሉም በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው፣ በቃላቱ መሀል ክፍት ቦታ ይኑር። ቀጥላችሁ > ምልክትና የፋይሉን ስም ጻፉ። ሁለተኛው ፋይል ኤልኤስፒሲአይ፣ ሰረዝ፣ ኤን፣ ኤን፣ ኬ (lspci -nnk) ነው፤ ይህ ሱዶ አይፈልግም፣ እንደ መጀመሪያው ግን በሌላ የፋይል ስም ይቀመጥ። ሁለተኛውን የምንፈልገው የትኛው ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ካርዱን እንደያዘ በመጀመሪያው ፋይል ውስጥ ስለማይገባ ነው። በፍላሽ ከተነሳችሁ ፋይሎቹን ሳትዘጉ ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ ማሽኑ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ካርዶች ያልተመደበ ቦታቸው ሲነበብ ይደነዝዛሉ፤ ሙሉው ንባብ ለአስተዳዳሪ ብቻ የተፈቀደው በዚህ ምክንያት ነው። ካርዱ የሚቆጣጠረው ማሽን ካለ መጀመሪያ ማሽኑን አቁሙ፣ የተከፈተ ሥራም አስቀምጡ።

ሱዶ ከተረሳ ስህተት አይልም፣ ጎደሎ ፋይል ነው የሚሰጠው። ያለ ሱዶ የሚነበበው የመጀመሪያው 64 ባይት ብቻ ነው። በአንድ መስመር 16 ባይት ስለሚጻፍ በየካርዱ ሥር 4 መስመር ብቻ ካያችሁ እንደገና ሥሩት። ትክክለኛው ፋይል ለቀድሞው ፒሲአይ 16 መስመር፣ ለፒሲአይ ኤክስፕረስ እስከ 256 መስመር አለው። የስክሪን ፎቶ አትላኩ፤ ፕሮግራሙ የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን መልእክት ውስጥ ከመለጠፍም ፋይሉን እንዳለ ማያያዝ ይሻላል። የግል ሰነዳችሁ በዚህ ውስጥ አይገባም፤ አንዳንድ የኔትወርክ ካርዶች ግን ማክ አድራሻቸውን እንደ መለያ ቁጥር ስለሚያሳዩ ፋይሉን በየግሩፑ አትበትኑት።

ፋይሉ ሲደርሰን መጀመሪያ የምናየው አድራሻውን ነው። 03:00.0 ማለት ባስ 3፣ መሣሪያ 0፣ ተግባር 0 ነው። ቀጥሎ የአምራቹ ቁጥር ይመጣል፤ ለምሳሌ 8086 ኢንቴል ነው። ካርዱ ተዘርዝሮ ድራይቨር ብቻ ከሌለው ችግሩ የሶፍትዌር ነው፣ ለዚያ ብላችሁ አትምጡ። ካርዱ ከዝርዝሩ ጭራሽ ከሌለ ወይ አልገባም፣ ወይ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ተዘግቷል፣ ወይ ሞቷል። በጣም አሳሳቹ ስሙ እያለ ባይቶቹ በሙሉ ኤፍኤፍ (ff) የሆኑበት ነው፤ ፕሮግራሙም የማይታወቅ የራስጌ ዓይነት 7ኤፍ ይላል። የሚጠየቀው መሣሪያ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ንባቡ ሁሉ 1 ሆኖ ይመለሳል። ካርዱ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ነበር፣ በኋላ ጠፋ ማለት ነው። የላላ ካርድ፣ ያነሰ ኃይል ወይም ሲስተሙ ለቁጠባ ያጠፋው ካርድ ይህንን ያሳያል።

ሌላው የግንኙነቱ ስፋት ነው። 4 የመረጃ ማስተላለፊያ መስመር (ሌን) የሚችል ካርድ በ1 ብቻ ሲሠራ ከተገኘ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አቧራ ነው፤ ኮረኮንች መንገድ ዳር ያሉ ሱቆች ያውቁታል። ሆኖም ረጅሙ ስሎት ሁሉ 16 መስመር የለውም፤ አንዳንዱ ከፋብሪካው የተገጠመለት 4 ብቻ ነው። የግራፊክስ ካርድም ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱን በሰከንድ ከ8 ወደ 2.5 ጊጋትራንስፈር ዝቅ ቢያደርግ ጤነኛ ነው።

ማጽዳቱን ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። የኃይል ገመዱን ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፣ የሳጥኑን ብረት ንኩ። የካርዱን ወርቃማ ጥርሶች በ90 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይጥል ጨርቅ ጥረጉ። ላጲስ አትጠቀሙ፤ ወርቁን ይፍቃል። ሲደርቅ ሁለቱንም ጫፍ እኩል ተጭናችሁ አስገቡ። ብሎኑን ስታጠብቁ የኋላው ጫፍ ብድግ እንዳይል እዩ፤ ከብዙ «ሞተ» ከተባለ ካርድ ጀርባ ያለው ይህ ነው። ከዚያ አዲስ ፋይል አውጥታችሁ ከቀድሞው ጋር ላኩልን።

ሴትፒሲአይ የሚባለውን ትዕዛዝ ግን አትንኩ። እርሱ ካርዱ ላይ ይጽፋል፤ አንድ ቢት ቢሳሳት ማሽኑ ባለበት ሊደርቅ ይችላል። ሴኪዩር ቡት (የኮምፒውተሩን አነሳስ የሚጠብቀው ቅንብር) በርቶ መጻፍ ቢከለክላችሁ አታጥፉት፤ ለእኛ የሚያስፈልገው ንባብ እንደሆነ ይሠራል።

ማሽኑ ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ ፋይል የለምና አምጡት። የግራፊክስ ካርዱን ግን ነቅላችሁ በጸረ ስታቲክ ከረጢት ለብቻው ያዙት፤ በክብደቱ ስሎቱን ይሰብራል።

ከሠላምታ ጋር፣
የጥገና ክፍል፣ ቱሉ ዲምቱ